ቻይና ውስጥ የመጀመሪያ ሌይኦቨር (በሁለት በረራ መሀል የሚደረግ የዕረፍት ቆይታ)፦ ለጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች የአሠራር መመሪያ

ፍሬይተር (የጭነት አውሮፕላን) ላይ አዲስ የተመደበ ልጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ካፒቴን፣ ሮስተሬ (የበረራ ፕሮግራሜ) ላይ ዠንግዡ ወጥቷል። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልብላ? ሒሳብስ በምን እከፍላለሁ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለሱ ስለሰለቸኝ ይኸው በጽሑፍ።

ጓንዡ ወይም ሻንጋይ ቢሆን የሚጠየቅ ሐበሻ አይጠፋም። ዠንግዡ ግን መሀል አገር ያለች የሄናን ዋና ከተማ ናት፤ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ሲገኝ እንደ ዕድል ይቆጠራል። (ስሟን ለሾፌር ስትናገሩ «ጀንግጆው» በሉት፤ በእኛ አጻጻፍ ብታነቡለት አይገባውም።) ምሳሌዬ እሷ ትሁን እንጂ ቼንግዱም ቾንግቺንግም ብትወርዱ ነገሩ ያው ነው።

እዚህ ያለው ሰዓት ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ የክሩ (የበረራ ቡድኑ) መታወቂያ፣ እንዲሁም ስልክ ላይ የጄኔራል ዲክላሬሽኑ (የክሩ ስም ያለበት የበረራ ሰነድ) እና የፓስፖርቱ ፎቶ
- በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፤ ቢቻል ከሁለት ባንክ ሁለት
- እስከ 500 ዩዋን ጥሬ ገንዘብ፣ ትናንሽ ኖቶች ያሉበት። እዚህ ካልተገኘ ንጹሕ የዶላር ኖት ይዛችሁ እዚያ ባንክ ወይም ሆቴል መመንዘር ነው፤ ፓስፖርት ይጠየቃል።
- ሮሚንግ የተከፈተበት ሲም፣ ወይም ከአገር ሳትወጡ የጫናችሁት ኢሲም
- ፓወር ባንክ። ላዩ ላይ ክብ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ሲ» የሚል የቻይና የጥራት ምልክት ያለው ቢሆን ይመረጣል።
- የሶኬት አዳፕተር። ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ስለሆነ ቻርጀራችሁ አይጎዳም። ቀጭኑ ባለ ሁለት ክብ እግር ብዙ ሆቴል ይገባል፤ ወፍራሙ የላፕቶፕ ሶኬት ግን አይገባም።
- የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ
- የተቆላ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ። በሶ የምትይዙ ከሆነ ፋብሪካ የታሸገውን ያዙ፤ ስም በሌለው ፌስታል ያለ ዱቄት ለጉምሩክ ሠራተኛ በምልክት ማስረዳት አያምርም። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ እቤት ይቅሩ፤ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው።
- የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ወረቀቱ

ደረጃ 1፦ ስልኩን አዲስ አበባ ጨርሱ (ከበረራው 3 ቀን በፊት)

ከዚህ ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ የማንበብ ትዕግሥት ካላችሁ ይህንን አንብቡ። ሌላው ቢበላሽ እዚያው ይቃናል፤ ይህ ከተበላሸ ግን የሚያቃናው ነገር እዚያ የለም። ጉግል፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በሆቴሉ ዋይፋይ አይከፈቱም። መተግበሪያ የምታወርዱበት ሱቅ ራሱ ጉግል ከሆነ ማውረጃ የላችሁም ማለት ነው።

ሀ. አሊፔይን (የቻይና የስልክ መክፈያ መተግበሪያ) አውርዱና በፓስፖርት ራሳችሁን አስመዝግቡ። ስሙን ፓስፖርቱ ግርጌ ባለው ማሽን በሚያነበው መስመር ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳታጎድሉ ጻፉ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ምዝገባው ይወድቃል።

ለ. ካርዱን አያይዙ። ከዚያ በፊት ግን ባንካችሁ ካርዱን ለኢንተርኔት ክፍያ ከፍቶት እንደሆነ አረጋግጡ። ማረጋገጫው ቁጥር በአጭር መልእክት ወደ ኢትዮጵያ ስልካችሁ ስለሚመጣ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ጨርሱት። እዚያ ሆናችሁ ሮሚንግ ካልያዘ ቁጥሩ አይደርሳችሁም። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ተጨማሪ ነገር የለም፤ ከዚያ ሲያልፍ 3 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ትልቅ ዕቃ ስትገዙ ሒሳቡን ከነጭማሪው አስቡት።

ሐ. ዊቻትንም (የቻይና የመልእክት መተግበሪያ) አውጡ። አዲስ መለያ ሲከፈት አንዳንድ ጊዜ ነባር ተጠቃሚ የሆነ ሰው ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ እንዲመሰክርላችሁ ይጠይቃል። ቦሌ ዙሪያ ዊቻት ያለው ነጋዴ ሞልቷል፤ እዚያ ግን ማታ 20:00 ላይ ሎቢ ውስጥ ማንን ታስቸግራላችሁ?

መ. ካርታ። ጉግል ካርታ ቻይና ውስጥ መንገዱንና የቆማችሁበትን ነጥብ አዛንፎ ያሳያል፤ አገሪቱ የራሷን የካርታ ልኬት ስለምትጠቀም ነው። አማፕን አውርዱ፣ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። አይፎን የያዘ ሰው የስልኩ የራሱ ካርታ ይበቃዋል።

ሠ. ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቻይንኛ መተርጎሚያ ጥቅሉን አስቀድማችሁ ጫኑ። ካሜራ ሜኑ ላይ አነጣጥሮ የሚያነበው ዓይነት ይሁን።

ከውጭ የመጣ ሮሚንግ ወይም ኢሲም መረጃውን በአገሩ በኩል ስለሚያዞር ዋትስአፕ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። እገዳ ማለፊያ መተግበሪያ ግን በቻይና ሕግ ያልተፈቀደ ነውና በሱ አትመኩ። ቤተሰብን «ሲመቸኝ እደውላለሁ» ብሎ መውጣት ይሻላል፤ ሁለት ቀን ድምፅ ሲጠፋ እናት ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ

አብራሪ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ያስባል፣ ሆቴሉ በቻይና ሰዓት ይቀሰቅሳል፣ ቤት ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ይጠብቃል። ሦስቱ የሚጋጩት ሲደክማችሁ ነው። ቻይና ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰዓት ነው ያላት፤ ከዩቲሲ 8፣ ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ትቀድማለች።

ምሳሌ፦ ፒክ አፕ (መኪና ከሆቴል የሚወስደን ሰዓት) በ12ኛው ቀን 20:00 ዩቲሲ ተባለ። ቻይና 13ኛው ቀን 04:00 ነው። አዲስ አበባ ገና 12ኛው ቀን 23:00 ነው፤ በኛ አነጋገር ከሌሊቱ 5 ሰዓት። ልብ በሉ፣ የተቀየረው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለባልደረባዬ «አራት ሰዓት ላይ ሎቢ እንገናኝ» ብዬው እሱ 10:00 መስሎት ተኝቶ ነበር፤ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ሾፌር ነው የቀሰቀሰው። ከዚያ ወዲህ ከክሩ ጋር ስነጋገር በ24 ሰዓት ካልሆነ አልናገርም።

ክፍላችሁ እንደገባችሁ የሆቴሉ ማስታወሻ ወረቀት ላይ ሦስቱንም ሰዓት ከነቀኑ ጻፉና ስልካችሁ ሥር አኑሩ።

ደረጃ 3፦ ከራምፕ እስከ ሆቴል

የጭነት ራምፕ (አውሮፕላኑ የሚቆምበት ሜዳ) ከመንገደኛ ተርሚናል ይርቃል። ኤጀንቱ (እዚያ የሚቀበላችሁ ወኪል) በመኪና ይወስዳችኋል፣ ለኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ያቀርባችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ነው። ቸኩሎ የሚተርፍ ነገር የለም። ከመለያየታችሁ በፊት ኤጀንቱን ሦስት ነገር ጠይቁት፦

- የገባንበት ፈቃድ ከከተማ ውጭ ያስወጣል? ክሩ በሲ ቪዛ (የክሩ ቪዛ) ወይም በጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ሊገባ ይችላል፤ ጊዜያዊው የሚያንቀሳቅሰው በተወሰነ አካባቢ ሊሆን ይችላል። «ሻኦሊን ገዳም እዚሁ አይደል እንዴ» ብሎ ወደ ዴንግፌንግ መሄድ የሚቻለው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።
- የናንተ የዊቻት ቁጥር ስንት ነው? ሰዓት ሲቀየር የሚነግራችሁ እሱ ነው።
- ፒክ አፑ ከየት ነው፣ ከዋናው በር ወይስ ከጎን?

ሆቴል ስትደርሱ ፓስፖርት ይወስዳሉ፣ ይቀዳሉ። አትጨነቁ፤ የውጭ ዜጋ ያረፈበትን ለፖሊስ ማስመዝገብ የሆቴሉ ግዴታ ነው። በዚህ ምክንያት ከሆቴሉ ወጥቶ ጓደኛ ቤት ማደር ቀላል ነገር አይደለም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ፓስፖርቱን መልሳችሁ መቀበላችሁን ግን አትርሱ።

የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቻይንኛ የያዘ ካርድ ውሰዱ። አንዱን ኪስ፣ አንዱን ቦርሳ። ባትሪ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ እንቅልፉን በአዲስ አበባ ሰውነት አስሉ

የሌይኦቨሩ ሥራ ዕረፍት ነው፤ ከተማው ትርፍ ነው። ከ48 ሰዓት ለማይበልጥ ቆይታ ሰውነታችሁን ወደ ቻይና ሰዓት ለማዞር አትታገሉ። ዞሮ ሳይጨርስ ተመልሳችሁ ትበራላችሁ።

ሌሊቱን በራችሁ 07:00 ላይ አረፋችሁ እንበል። ለሰውነታችሁ 02:00 ነው፣ ጥልቁ ሌሊት። 09:00 ላይ ተኝታችሁ እኩለ ቀን አካባቢ ዓይናችሁ ይፈጣል፤ አዲስ አበባ ነግቷልና። በዚህ ሰዓት አልጋ ውስጥ መገላበጥ ዋጋ የለውም። ተነሡ፣ ታጠቡ፣ ብርሃን ውጡ።

04:00 ፒክ አፕ ላለበት ሰው ሁለተኛው እንቅልፍ ነው ወሳኙ። ብዙዎች 22:00 ላይ ይጋደሙና አይወስዳቸውም፤ ለሰውነት ገና 17:00 ነው። ይልቅ ከ19:00 እስከ 21:00 ያለው መስኮት ይሻላል። ያኔ አዲስ አበባ ከ14:00 እስከ 16:00 ነው፣ ከምሳ በኋላ ዓይን የሚከብድበት። በዚያ በር ከገባችሁ እስከ 02:30 ድረስ ልትዘልቁ ትችላላችሁ።

መጋረጃውን ግጥም አድርጉ፣ «አትረብሹ» የሚለውን ምልክት አውጡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ለሪሴፕሽን የማንቂያ ሰዓቱን ጽፋችሁ ስጡ። የስልካችሁንም ማንቂያ ለብቻው ሙሉ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው መውጣት አጭር ይሁን

ከሆቴሉ 500 ሜትር በማይርቅ ቦታ ውኃና ፍራፍሬ ግዙ፣ ተመለሱ። ዓላማው ውኃው አይደለም። አሊፔዩ መሥራቱን፣ ካርታው መምራቱን፣ መተርጎሚያው መናገሩን በእግር ሊመለሱ በሚችሉበት ርቀት መሞከር ነው። ባይሠራ ጥሬ ገንዘብ አለ፤ ነጋዴ ዩዋን አልቀበልም ማለት አይፈቀድለትም፤ መልስ ማጣት ግን ያጋጥማል፣ ለዚህ ነው ትናንሽ ኖት ያልኩት።

የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ማፍያ ለዚህ ነው የተቀመጠው።

መንገድ ስትሻገሩ ጆሯችሁን አትመኑ። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ድምፅ የላቸውም፣ በእግረኛ መንገድ ላይም ይመጣሉ። ለእግረኛ አረንጓዴ በርቶ ሳለም ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ሊመጣባችሁ ይችላል። በአራቱም አቅጣጫ ዞራችሁ እዩ።

ደረጃ 6፦ መብላት

ዠንግዡ የዱቄት አገር ናት። ታዋቂው ሁዪሚየን ነው፦ በበግ አጥንት መረቅ ውስጥ ሰፋፊ ፓስታ። ጠዋት ደግሞ ሁላታንግ፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ወፍራም ሾርባ፤ ለሐበሻ አፍ እንግዳ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያዙ። «ሮው» ሥጋ ማለት ነው፤ ሜኑ ላይ ብቻውን ሲቆም ግን ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው። የበጉ «ያንግ ሮው»፣ የበሬው «ኒዩ ሮው»፣ የዶሮው «ጂ ሮው» ይባላል። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብሎ ጠይቆ «አለው» ሲባል ደስ ብሎት ያዘዘ ልጅ ምን እንደበላ ሲያውቅ ሌይኦቨሩ አልቋል።

አሳማ የማትበሉ ሁሉ ቀላሉ መንገድ «ቺንግ ዠን» ቤት መፈለግ ነው፤ ሐላል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ምልክትና የዓረብኛ ጽሑፍ አለው። ዠንግዡ ውስጥ ሁዪ የሚባሉ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ጓንቼንግ የሚባል ክፍለ ከተማ ስላለ ችግር የለም።

ጾመኛ ከሆናችሁ «ወ ቺ ሱ» በሉ፣ «አትክልት ብቻ ነው የምበላው»። ግን በዚህ አትዘናጉ፤ ሥጋውን አውጥተው መረቁን ይተዉላችኋል፣ አትክልቱም በአሳማ ጮማ ሊጠበስ ይችላል፣ ቲማቲሙም ከእንቁላል ጋር ይመጣል። ቤት ሳላችሁ መተርጎሚያው ላይ «ሥጋ፣ የሥጋ መረቅ፣ ጮማ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት» ብላችሁ ጽፋችሁ የቻይንኛውን ገጽ ፎቶ አንሡት፤ ለአስተናጋጅ ይህንን ማሳየት ነው። ነጭ ሩዝ፣ ቶፉ፣ ማንቶው የሚሉት የእንፋሎት ዳቦ፣ የአኩሪ አተር ወተትና መንገድ ላይ የሚጠበስ ስኳር ድንች ያኖራችኋል። የቀረውን ቆሎው ይሞላል።

በበረራው ዋዜማ አዲስ ምግብ አትሞክሩ። ሁለታችሁ አብራሪዎች ደግሞ አንድ ሳህን አትብሉ። ሆድ ቢነሣ አንዱ ይተርፋል።

ደረጃ 7፦ ወደ መሀል ከተማ

ከፒክ አፑ በፊት የመኝታውንና የመንገዱን ሰዓት ቀንሳችሁ ቢያንስ 6 ሰዓት ከተረፈ ውጡ፤ ካልተረፈ ሆቴሉ ዙሪያ ይበቃል። አየር ማረፊያው ያለው ሺንዠንግ ሲሆን ከመሀል ከተማው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የክሩ ሆቴል ደግሞ አየር ማረፊያው አጠገብ ከሆነ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ሰዓት ይበላል።

በሜትሮ ከሆነ ከአየር ማረፊያው የሚነሣው መስመር ከከተማው መስመር 2 ጋር ይገናኛል። መግቢያው ላይ ቦርሳ በኤክስሬይ ያልፋል፤ ቢላዋ ያለበት የኪስ መፍቻ ይወረሳል። በታክሲ ከሆነ ዲዲን (የታክሲ መጥሪያውን) በአሊፔይ ውስጥ ክፈቱ፦ መድረሻውን በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ፣ ዋጋው ቀድሞ ይታያል፣ ከሾፌሩ ጋር የምትጻጻፉት ተተርጉሞ ይደርሳል። ሾፌሩ የስልካችሁን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ሊጠይቅ ይችላል፤ በቻይንኛ መናገር ስለማትችሉ ስክሪኑን አሳዩት። የጣት ቁጥር አትሞክሩ፤ እነሱ ከ6 እስከ 10 በአንድ እጅ ነው የሚቆጥሩት፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጋ 2 ሳይሆን 8 ነው።

የሄናን ሙዚየምን ማየት የሚፈልግ ሰኞ አይሂድ፣ ዝግ ነው። በሌላውም ቀን ቀድሞ መመዝገብና ፓስፖርት ያስፈልጋል። የኤርቺ ግንብ ዙሪያ ግን ማንም ሳይጠይቃችሁ የምትዞሩበት ገበያ ነው።

ሰው ያያችኋል፣ አንዳንዱ አብሮ ፎቶ መነሣት ይጠይቃል። ክፋት የለበትም፤ ካልፈለጋችሁ በፈገግታ እጅ ማወዛወዝ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ መመለስና መጠበቅ

ጭነት ሲዘገይ ፒክ አፑ ይገፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደፊት ይመጣል። ስለዚህ ከፒክ አፑ ቢያንስ 10 ሰዓት በፊት ሆቴል ግቡ፤ በመሀሉ እንቅልፉ አለ። ስልኩ ድምፅ ላይ ይሁን። «6 ሰዓት ተገፍቷል» ከተባላችሁ ልብስ ለብሳችሁ ሎቢ አትቀመጡ፤ ተመለሱና ተኙ። ዕረፍቱ እንደተበላሸ ከተሰማችሁ ለካፒቴኑ ወዲያው ተናገሩ፤ አውሮፕላኑ ሥር ቆሞ መናገር ለማንም አይመችም።

ማስጠንቀቂያ

- ፓስፖርት ሳትይዙ አትውጡ። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላ የውጭ ዜጋ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል።
- ራምፕ ላይ፣ ወታደርና ወታደራዊ ቦታ አጠገብ ፎቶ አታንሡ።
- በሐምሌና ነሐሴ ከባድ ዝናብ ሲጥል ሜትሮና ዋሻ መንገድ አትግቡ። ሐምሌ 2013 (በፈረንጅ ጁላይ 20፣ 2021) ዠንግዡ ላይ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ሜትሮ ውስጥ ሰዎች ሞተዋል።
- ባይጂዩ የሚሉት አረቄ ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በላይ አልኮል አለው። የድርጅታችሁ ደንብ የሚለው ሰዓት ዝቅተኛው ነው፤ በዚህ መጠጥ ግን ያ አይበቃም። እኔ በአጭር ሌይኦቨር አልነካውም።
- በአገር ውስጥ በረራ እንደ መንገደኛ የምትወሰዱ ከሆነ የቻይና የጥራት ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ ፍተሻ ላይ ይቀራል፤ ከጁን 28፣ 2025 ጀምሮ ተከልክሏል። ላይተርም እንደዚሁ አያልፍም።
- መንገድ ላይ በጥሩ እንግሊዝኛ ቀርቦ «ሻይ ቤት ላሳይህ» የሚል ሰው ሒሳቡን እናንተ ላይ ሊጥል ነው።
- ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 120፣ እሳት 119። የኢሚግሬሽን ጥያቄ በ12367፣ በእንግሊዝኛም ይመልሳሉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

«አሊፔይ እዚያ ደርሼ አወጣለሁ።» ካርዱ የሚልከው ቁጥር ሳይደርስ ቀርቶ ቆሎ ብቻ እየበላ ሁለት ቀን ያደረ ሰው አውቃለሁ።

አንድ ስልክ ላይ ሁሉን ማድረግ። ገንዘብ፣ ካርታ፣ ቋንቋና የሆቴሉ አድራሻ አንድ ባትሪ ላይ ተንጠልጥለዋል። 30 በመቶ ሲደርስ ቻርጅ ማድረግ ጀምሩ።

ርካሽ ኤሌክትሮኒክስ ሲያዩ መግዛት። የሊቲየም ባትሪ ያለው ዕቃ በሻንጣ እንዴት እንደሚጫን ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስኩተር አይቶ የሚረሳው ግን አብራሪው ነው።

ለብቻ መውጣትና ለማንም አለመናገር። ፍሬይተር ላይ ሁለት ወይም አራት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት፤ የሚቆጥራችሁ ሰው የለም። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንዱ ባልደረባ ጻፉለት፣ ስትመለሱም «ገባሁ» በሉት።